ወደ ርዕሳችን እንመለስ

ሰኪና የላምበረት ሰው ናት። ተወልዳ ያደገችው ከሚሴ አጠገብ ቢሆንም፣ ባሏ ሐሩን ከአውቶቡስ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሱቅ ከፍቶ ካመጣት ወዲህ ሌላ ሰፈር ኖራ አታውቅም። ሱቁ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስና ፎጣ ይሸጣል፤ መንገደኛ ቤቱ ረስቶት የሚወጣውን ሁሉ። ገበያዋ ማለዳ ነው። ለደሴና ለወልድያ የሚነሱት አውቶቡሶች ከወጡ በኋላ ሰፈሩ ጭር ይላል። ሐሩን በሕይወት ሳለ ያንን ጭር ያለ ሰዓት በጨዋታ ይገፉት ነበር። እሱ ሲሞት ሰዓቱ እሷ ላይ ወደቀ።

ነገሩ የተጀመረው በመቃብሩ ድንጋይ ነው። ስሙን የቀረጸው ሰው «ሀሩን» ብሎ ቀረጸው። ሐሩን ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ስሙን በሐመሩ «ሐ» ነበር የሚጽፈው፤ ከሱቁ በር በላይ ያለው ሰሌዳ ላይ ሳይቀር። ሰኪና ይታረምልኝ ብላ ሄደች።

«ያው ነው እኮ፣ እናቴ» አላት ቀራጩ።

ወንድሟም ያው ነው አለ። ልጇ ራሕማ እንኳ አቅፋ ይዛት «እማዬ፣ ሲነበብ እኮ ያው ነው» አለቻት። ሰኪና ለምን ያው እንዳልሆነ ማስረዳት አቃታት። ከትምህርት የወጣችው ዘጠነኛ ክፍል ላይ፣ ለመዳር ነው። በክፍሉ ውስጥ ግን እንደ እሷ የእጅ ጽሑፍ የሚያምርለት ተማሪ አልነበረም፤ ፊደል ስትጽፍ ጥልፍ የምትጠልፍ ነበር የምትመስለው። ያው እንዳልሆነ እጇ ያውቃል፤ አፏ ግን ቃል አጣ።

ራሕማ የእናቷን ሐዘን ማስታገሻ ብላ ቴሌግራም ላይ አንድ ግሩፕ ፈልጋ አስገባቻት። ስሙ «የፊደል ነገር» ነው። ሰዎቹ ለዓመታት የሚከራከሩት ስለ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለትና ሦስት የሆኑት ሞክሼ ፊደሎች ይቀነሱ ወይስ ይቆዩ? ሰኪና ሳምንቱን ሙሉ ዝም ብላ አነበበች። ከዚያ የድንጋዩን ነገር ጻፈች።

መጀመሪያ የመለሱላት አቶ ፊሊጶስ የሚባሉ ሰው ናቸው።

«ወይዘሮ ሰኪና፣ በባለቤትዎ ሞት አዝናለሁ። ግን እውነቱን ልንገርዎት። በዓረብኛው ስሙ የሚጀምረው በቀላሉ 'ሀ' ነው። ቀራጩ ሳያውቅ ልክ ሠርቷል።»

ሰኪና ስልኩን ቆልፋ መሳቢያ ውስጥ ወረወረችው። በማግስቱ ግን ልጆችን ቁርኣን የሚያቀሩትን የሰፈሩን ኡስታዝ ሄዳ ጠየቀች፤ ሰውየው ልክ ናቸው አሏት። ተመልሳ ጻፈች።

«አቶ ፊሊጶስ፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ እውነትዎን ነው። ባሌ ግን ዓረብኛ አይጽፍም ነበር። ስሙን በአማርኛ እንደዚህ ብሎ የጻፈው ራሱ ነው። ሰው ስሙን አንዴ ከጻፈው የሱ ነው፤ የመዝገበ ቃላት አይደለም።»

ብዙም ሳይቆይ መልሱ መጣ። «እሱማ ልክ ነው። ግን…»

ያ «ግን» ሁለት ዓመት ፈጀ።

አቶ ፊሊጶስ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ከካርጎ ክፍል ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ውባንቺ ካረፉ በኋላ ሲኤምሲ፣ ከአንድ የግል ትምህርት ቤት ጀርባ ባለ አፓርታማ፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ሰኪና ይህን ሁሉ ያወቀችው በክርክሩ መሐል ብልጭ ብልጭ ከሚሉ ቃላት ነው። «የትምህርት ቤቱ ደወል አስደነገጠኝ፤ ሐሳቤን እቀጥላለሁ» ይላሉ። «ልጄ ምሳ ብላለች፤ ይቆየን» ይላሉ። እሷም «ደንበኛ መጣ» ብላ ትነሣና ብርድ ልብስ ሸጣ ትመለሳለች። ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል።

ግሩፑ በእውነቱ አሰልቺ ነበር። ገሰሰ የሚባል ሰው መጻፍ ስለማይወድ ረጃጅም ቮይስ ይልካል፤ ግማሹ ጉሮሮ መጥረግ ነው። አዲስ የገባ ሁሉ «ግን ይቅርታ፣ ሦስት 'ሀ' ምን ያደርግልናል?» ብሎ ከሀ ይጀምራል፤ ለዓመታት የተባለው ሁሉ እንደገና ይባላል። ሰው ይሰዳደባል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል። ወሬ አቅጣጫ ሲስት ዋቅጅራ የሚባለው አድሚን ብቅ ይልና «ወደ ርዕሳችን እንመለስ» ይላል። ስለ አንድ ፊደል ሦስት ቀን ሙሉ ሲጨቃጨቁ ሰኪና ዓይኗ ይደክማል፤ ሁለተኛ አልከፍተውም ትላለች። በነጋታው አውቶቡሶቹ ወጥተው መንገዱ ጭር ሲል፣ እጇ ሳታዘው ስልኩን ያነሣዋል።

የምትፈልገው የአቶ ፊሊጶስን መልስ ነው። ሰውየው የሷን ጽሑፍ ቃል በቃል ያነቡ ነበር። ትላንት ያለችውን ዛሬ ያስታውሷታል፤ ባለፈው ክረምት ያለችውን ዘንድሮ ያነሡባታል። በሕይወቷ ከባሏ በቀር ቃሏን እንዲህ ከቁም ነገር የቆጠረላት ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን እሷ «'ድኅነት' መዳን ነው፤ 'ድህነት' ማጣት ነው። ፊደሉን አንድ ካደረጉት መዳንና ማጣት አንድ ሊሆኑ ነው» ብላ ጻፈች። ግሩፑ በሙሉ አጨበጨበ። አቶ ፊሊጶስ ቆይተው መጡ፤ «እሱማ ቆንጆ አባባል ነው። ግን ወይዘሮ ሰኪና፣ ድሃ መሆኑንና መዳኑን መለየት ያቃተውን ሰው 'ኅ' አታድነውም።» ሰኪና ሱቅ ውስጥ ብቻዋን ስትስቅ ጎረቤት ምን ሆነሽ ብሎ መጣ።

ሌላ ቀን ደግሞ ለምን እንዲህ እንደሚሟገቱ ተናገሩ። ከከምባታ የመጡ ልጅ ሳሉ ነው። አማርኛ የእናታቸው ቋንቋ አልነበረም። ሰሌዳ ላይ «ንጉሥ» ጻፍ ተብለው በእሳቱ «ሰ» ጻፉ። መምህሩ ክፍሉን አሣቀባቸውና መዳፋቸውን በማስመሪያ ጠርዝ መታቸው። «ከዚያ ወዲህ ለመጻፍ እጄን ባነሣሁ ቁጥር መዳፌ ይሰማኛል» ብለው ጻፉ። «ካርጎ ክፍል ዕድሜዬን በእንግሊዝኛ ስጽፍ የኖርኩት ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ድምፅ አንድ ፊደል ቢኖረው ያ ልጅ አይመታም ነበር።»

ሰኪና መልሱን በማግስቱ ነው የጻፈችው። «አቶ ፊሊጶስ፣ የበደለዎት መምህሩ ነው። 'ሠ' ምን አደረገችዎት?»

ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚስቅ ፊት ላኩላት።

እንዲህ እያሉ ኖሩ። አንድም ቀን እንገናኝ አልተባባሉም። ከላምበረት ሲኤምሲ ሁለት ታክሲ ነው፤ ግን ሄዶ ምን ይባላል? መገናኛቸው እዚያው ነበር።

በአንድ የጥቅምት ቀን ሰኪና ስለ ስም አጻጻፍ ረጅም ጽሑፍ ጻፈች። ከጻፈቻቸው ሁሉ የተሻለው መሰላት። አቶ ፊሊጶስ አነበቡት። «ወይዘሮ ሰኪና፣ ዛሬስ ሊያሸንፉኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ ረስተዋል። ከምሳ መልስ እነግርዎታለሁ» አሉ።

ከምሳ መልስ አልመጡም። በማግስቱም፣ በሳምንቱም አልመጡም። ሰኪና የረሳሁት ምንድን ነው እያለች ጽሑፏን መላልሳ አነበበች። ግሩፑ ላይ ማንም «የት ጠፉ?» ያለ የለም፤ ገሰሰ ቮይሱን ይልካል፣ አዲስ ገቢዎች ከሀ ይጀምራሉ። በግል ጻፈችላቸው፤ አልተነበበም። በመጨረሻ ድፍረቷን ሰብስባ በቴሌግራሙ ደወለች። አንዲት ሴት አነሣች።

«ማን ልበል?»

«ሰኪና እባላለሁ። ከአቶ ፊሊጶስ ጋር… ቴሌግራም ላይ…»

«አባቴ ታሟል። እባካችሁ ተዉት» አለችና ዘጋችው።

ሰኪና ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ሰው ምን ብሎ ይቀየማል? ምኗ ናቸውና?

ከቀናት በኋላ ያችው ሴት ራሷ ደወለች። ድምጿ ተለውጦ ነበር። «እትዬ ሰኪና፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ዕፀገነት እባላለሁ፤ ልጃቸው ነኝ። አባቴን ስትሮክ መትቶት ነው። መናገር አይችልም፤ ማንበብም አይችልም። ዛሬ ስልኩን ይዤ ለማን ልደውልልህ እያልኩ ስም ስጠራለት፣ የርስዎ ስም ላይ ስደርስ አልጋውን በእጁ መታ። ደግሜ ስጠራው አለቀሰ። ቢመጡለት…»

ሰኪና ሱቋን ዘግታ ሄደች።

አቶ ፊሊጶስ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። ከምታስበው በላይ ቀጭን ሰው ናቸው። የፊታቸው ቀኝ ጎን ወርዷል፤ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተኝቷል። ሰኪና በሩ ላይ ቆመች።

«አቶ ፊሊጶስ… ሰኪና ነኝ።»

ግራ እጃቸውን ዘረጉላት። አፋቸው ታገለ፣ ታገለና «እሱማ» አለ።

«ያቺን ቃል ብቻ ነው የሚላት» አለች ዕፀገነት ከኋላዋ። «ውኃ ሲፈልግም እሱማ፣ ሲያመውም እሱማ።»

ሰኪና ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ምን ነበር የረሳሁት?» አለቻቸው። «ከምሳ መልስ እነግርዎታለሁ ብለው ጠፉ እኮ።» ሣቅ ያመጣል ብላ ነበር። አቶ ፊሊጶስ ግን ዓይናቸው ሰፋ፤ ያስታውሱታል። የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ታገሉ። «እሱማ… እሱማ…» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ሰኪና ሁለተኛ አልጠየቀቻቸውም።

ከዚያ በኋላ በሳምንት ሁለቴ፣ አንዳንዴ ሦስቴ ትሄድ ነበር። ሐኪሙ ንግግር መስማት ይጠቅማቸዋል ስላለ ግሩፑን ከላይ እስከ ታች ታነብላቸዋለች። ያ አሰልቺ ነገር ሁሉ ሕይወት ዘራ። የገሰሰን ቮይስ ስትከፍት አቶ ፊሊጶስ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያንኮራፉ ይመስላሉ፤ የፊታቸው ግራ ጎን ይስቃል። ፊደል ይቀነስ የሚል አንድ ወጣት በማይረባ ምክንያት ሲሟገት ግን ፍራሹን በቡጢ ደበደቡት።

«ምን አበሳጨዎት? እርስዎንኮ ነው የደገፈው!»

«እሱማ!» አሉ በቁጣ፤ ራሳቸውን እየነቀነቁ።

ሰኪና ገባት። ልጁ የሳቸውን ወገን እያበላሸባቸው ነው። ስልኩን አነሣችና በሳቸው ምትክ መጻፍ ጀመረች። «አቶ ፊሊጶስ እዚህ ቢሆኑ እንዲህ ይሉ ነበር» ብላ፣ ስለ ሕፃናቱ፣ አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ስለሚማሩት፣ ስለተመታ መዳፍ ጻፈች። እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ታነብላቸዋለች፤ ከተስማሙ እጇን አንዴ ጫን ያደርጋሉ፤ ካልተስማሙ ይለቁታል። ሁለት ዓመት ስትታገለው የኖረችው ሐሳብ ከጣቷ ሥር እየተስተካከለ ወጣ። ግሩፑ ግራ ገባው። «ወይዘሮ ሰኪና፣ ለመሆኑ ከየትኛው ወገን ነዎት?» ብሎ አንዱ ጠየቀ። ለአቶ ፊሊጶስ ስታነብላቸው እንባቸው እስኪወርድ ሣቁ።

የመታመማቸውን ነገር ያኔ ነው ለግሩፑ የተናገረችው። «እግዚአብሔር ይማርልን»፣ «አላህ ያሽራቸው» ተደረደረ፤ የተጣመሩ እጆች ምስል ተደረደረ። ከዚያ ዋቅጅራ ጻፈ። «ለአቶ ፊሊጶስ ምሕረትን እንመኛለን። ወደ ርዕሳችን እንመለስ።»

ሰኪና ይህቺን አላነበበችላቸውም።

ዕፀገነት ሻይ ይዛ ትገባለች፣ ትወጣለች። አንድ ቀን በሩ ላይ ቆማ አባቷ ሲስቁ አየቻቸው። ሰኪናን ስትሸኝ ደረጃው ላይ እንዲህ አለቻት። «እናቴ ከሞተች በኋላ እኔና አባቴ ብቻ ነን። ከሥራ ስመጣ ስልኩ ላይ ነው፤ እራት ሳቀርብ ስልኩ ላይ ነው። አንድ ቤት እየኖርን ይናፍቀኝ ነበር። ያንን ስልክ እንዴት እንደምጠላው!» ሰኪና የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች።

በታኅሣሥ መጨረሻ አንድ ማክሰኞ እንደ ልማዷ ሄደች። አፓርታማው ግቢ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ዘበኛውን ማን ነው ብላ አልጠየቀችም። በሌሊት ሁለተኛ ስትሮክ መትቷቸው ኖሯል፤ ዕፀገነት ለማን እንደደወለች ለማን እንዳልደወለች አታውቅም።

ሰኪና ከሴቶቹ መሐል ተቀመጠች። ሻሿን ያየች አንዲት አሮጊት ጠጋ አለቻት።

«ጎረቤት ነሽ፣ ልጄ?»

«አይደለሁም።»

«ከሥራ ቦታው ነሽ? ካርጎ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምንሽ ነው?»

ሰኪና ዙሪያዋን አየች። ዘመድ አይደለችም። ጓደኛ ብትል አንዱ እስኪታመም ድረስ ተያይተው የማያውቁ ሰዎች ምን ጓደኛ ይባላሉ? «እንከራከር ነበር» አለች። ያኔ እንባዋ መጣ። ሐሩን ሲሞት «ባሌ» ብላ ነው ያለቀሰችው፤ ሰውም አብሯት አለቀሰ። አሁን ማንን ብላ ታልቅስ? አሮጊቷ እንዳልገባት ፊቷ ያስታውቃል፤ ግን እጇን አንሥታ ጀርባዋ ላይ አኖረችላት።

ከቀብር መልስ ለግሩፑ ጻፈችው። ሐዘን መግለጫው ጎረፈ። ገሰሰ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ቮይስ ትቶ ጻፈ፤ «የተሰማኝን ጥልቅ ሀዘን እገልጻለሁ» አለ። ከሥሩ አንዱ «እርማት፦ 'ሐዘን' በሐመሩ ሐ ነው» ብሎ መለሰ። ሌላው «በለቅሶ ላይም?» አለ። ሦስተኛው «ለቅሶስ ቢሆን ፊደሉ ፊደል ነው» አለ። ጭቅጭቁ ተነሣ። የሰኪና መርዶ ወደ ላይ ወደ ላይ እየተገፋ ከዓይን ጠፋ። ሰኪና አንድ በአንድ አነበበችው። አቶ ፊሊጶስ ቢኖሩ ከሁሉ ቀድመው የሚገቡት እሳቸው ነበሩ። መልስ ልትጽፍ ጣቷን አሳረፈች፤ ለማን እንደምትጽፍ አጣችና ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቦታ አንድ ቃል አልጻፈችም።

የካቲት ላይ ዕፀገነት ላምበረት መጣች። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ የአየር መንገድ ልብሷን አላወለቀችም። ሰኪና ከሻንጣዎቹ መሐል በርጩማ አውጥታ አስቀመጠቻት።

«የአባቴን ስልክ ከፍቼ ልብ ብዬ ላነበው ሞከርኩ» አለች ዕፀገነት። «ከመጀመሪያው። አልቻልኩም፣ እትዬ ሰኪና። ስለ አንድ ፊደል ሦስት ቀን! ያንኑ ነገር እየደጋገማችሁ። እንዴት አስቻላችሁ?»

«እኔንም ይሰለቸኝ ነበር፣ ልጄ።»

«ታዲያ?»

ሰኪና አሰበች። «የጻፍኩትን የሚያነበው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ልክ ነሽ ላይለኝ ይችላል፤ ግን ይመልስልኛል። ሰው ብቻውን ሲቀር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።»

ዕፀገነት አንገቷን ደፋች። ««ንጉሥ» ብሎ የጻፈበትን ታሪክ አነበብኩት። መዳፉን የተመታበትን። ለኔ ነግሮኝ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት ልጁ ሆኜ፣ መጻፍ ለምን እንደሚከብደው ግሩፕ ላይ ነው ያነበብኩት። ለርስዎ ሲነግርዎት።»

ሰኪና እጇን ልትይዛት ፈልጋ ፈራች። «የምበላው ያንቺን ድርሻ መሆኑን አላወቅኩም» አለች።

ዕፀገነት «አይደለም» አላለችም። «አውቃለሁ» ብቻ አለች። አንድ ገበሬ ልጁን አስከትሎ ገብቶ ብርድ ልብስ ዋጋ ጠየቀ፤ ሰኪና ተነሥታ አወረደችለት፤ ወፍራሙን ይሁን ቀጭኑን እያለ ቆየ። ስትመለስ ዕፀገነት ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች።

እስከ ታክሲው ሸኘቻት። «እንጠያየቅ» ተባባሉ፤ ተቃቅፈው ተሳሳሙ። ረዳቱ «መገናኛ! መገናኛ!» እያለ ይጮኻል። ዕፀገነት በመስኮት እጇን አወዛወዘች።

አልተጠያየቁም። የሚያገናኛቸው አንድ ሰው ነበር፤ ስለሱ ሲያወሩ ደግሞ አንዷ ያላት ሌላዋ ያጣችው ነው። ሰኪና አንዳንድ ጊዜ የዕፀገነትን ቁጥር አውጥታ ታየዋለች። ራሕማ «ደውይላት እንጂ፣ እማዬ» ትላታለች። እሺ ትላለች። አትደውልም።